የፀጉር አስተካካዩ ፉርጎ

ሹንጂ ኡሺያማ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ሲሠራ ኖረ። ሐኪም አልነበረም፤ የማንንም አፍ አስከፍቶ አይቶ አያውቅም። ከሐኪሞቹ ዘንድ በጄሶ የተቀረጸ የድድ ቅርጽ ይመጣለታል፤ እሱ በሰም ሞልቶ፣ ፍቆና አለስልሶ ጥርስ አድርጎ ይመልሳል። በኪሶ ሸለቆ ዛሬም ሥጋ የሚያኝኩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ የሚያኝኩት በእሱ ጥርስ ነው። መንገድ ላይ ሲያልፉት አያውቁትም፤ እሱ ግን ሲስቁ ያውቃቸዋል።

ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ዓሣ ማጥመድ ያዙ። እሱ መሞረጃውን፣ የሰም ቢላዎቹን፣ ወረንጦውንና አንገቷ የሚታጠፈውን መብራቱን ጠቅልሎ ወደ ጓዳው አስገባና ባቡር መሥራት ጀመረ። ከእውነተኛው አርባ ስምንት ጊዜ ያነሰ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ባቡር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፈጣኑን ባቡር ግን ዞር ብሎም አያየው። የሚሠራው በጠባብ ሐዲድ ላይ ግንድ እየጎተተ ከተራራ ይወርድ የነበረውን፣ ሐዲዱ ከተነቀለ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን የኑኩሳዋን የደን ባቡር ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ደረጃ ደረጃ አለው። በሳጥን ታሽጎ የሚሸጠውን ተገጣጣሚ ባቡር ገዝቶ እንደ መመሪያው መግጠም ለጀማሪ ነው። ትንሽ የባሰበት ሰው ሦስት ሳጥን ይገዛና ይቆራርጣል፤ የአንዱን መንኮራኩር ለሌላው፣ የሌላውን ጭስ ማውጫ ለሦስተኛው አድርጎ ፋብሪካው በሕልሙም ያላየውን ባቡር ያወጣል። የባሰበት ደግሞ እንጨት፣ ናስ፣ ሙጫና አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ከባዶ ይነሳል። ሹንጂ በሦስተኛው ዓመቱ እዚህ ላይ ደርሶ ነበር። የሚስቱ ወንድም በዚያ ሰሞን ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ አማቹ የጥብስ ሥጋ መሰኪያ እንጨት በምላጭ ለሁለት ሲሰነጥቅ አግኝቶት፣ ታሞ እንደሆነ እኅቱን በጆሮዋ ጠይቋታል።

የኑኩሳዋ ባቡር አንድ የፀጉር አስተካካይ ፉርጎ ነበረው። እንጨት ቆራጮቹ ተራራው ላይ ወራት ስለሚከርሙ፣ ወንበርና መስታወት የተገጠመለት ፉርጎ በወር አንዴ ይላክላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጌንዞ ኡሺያማ ነው፤ የሹንጂ አባት። ሹንጂ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው በሳምባ ምች ሞተ። ሹንጂ ስለ አባቱ የሚያስታውሰው አንድም ነገር የለም። በወጣትነቱ የሳሙና ሽታ ትዝ እንደሚለው ይናገር ነበር፤ በኋላ ሽታው የእኅቱ ሱቅ ሽታ መሆኑ ገባውና ተወው።

እኅቱ ታኬኖ በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። አባቷ ሲሞት መቀሱን አነሳች፤ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስድሳ ዓመት ቆረጠች፤ ታናሽ ወንድሟንም ያሳደገችው በዚያ መቀስ ነው። ሱቋን ዘግታለች፤ ወንበሩና ትልቁ መስታወት ግን ከነቦታቸው አሉ። አሁን የምትቆርጠው አንድ ራስ ብቻ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሹንጂ ሄዶ ይቀመጣል። ዓይኗን ከታከመች ወዲህ የሰው ጣሪያ ላይ ያለ የሸረሪት ድር ሳይቀር ስለሚታያት ዘመዶቿ ቤት ስትሄድ ሰው ይጨነቃል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ አቶ ታሩሚ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። የባቡር ሠሪዎቹ ማኅበር ፎቶ ጠባቂ እሱ ነው። የአንድ ሟች የደን ዘበኛ ቤተሰቦች ያስረከቡትን የፊልም ካርቶን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ያገኘው ነው፤ ፖስታው ላይ “የፀጉር ፉርጎ፣ በጋ፣ ሾዋ 31” ተብሎ ተጽፏል፤ በአገሩ የዘመን አቆጣጠር ከስድሳ ዓመት በላይ ያለፈው መሆኑ ነው። ፉርጎው ጎኑን ለካሜራው ሰጥቶ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። በሩ ላይ ደረቱ ላይ የሚደረብ አጭር የሥራ ካፖርት የለበሰ አጭር ሰውዬ ምላጭ ይዞ በፀሐይዋ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆሟል።

ሹንጂ አባቱን ያየው ቤት ውስጥ በተሰቀለው የወታደር ፎቶ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ ወታደር ሁሉ አንድ ነው። ፎቶውን አስጠግቶ ትንሽ አየው። ከዚያ ልማዱ አሸነፈውና ማስመሪያ አነሳ።

የአባቱ ቁመት በወታደርነት ወረቀቱ ላይ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ተብሎ ተመዝግቧል። ሰውየው ፎቶው ላይ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በሩ ያን ያህል ነው፤ በሩ ያን ያህል ከሆነ እያንዳንዱ ሳንቃ ዘጠኝ ሳንቲም ነው። ሳንቃዎቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሚስማሮቹን ሳይቀር ቆጠራቸው። ከአንድ ወር በኋላ ንድፉን በአራት ገጽ አውጥቶ በማኅበሩ መጽሔት ላይ አሳተመ፤ ሰዉም በጣም አመሰገነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቱ አልነገራትም። ያንን ፉርጎ በዓይኗ ያየች፣ ውስጡም የተቀመጠች በሕይወት ያለች ሰው እሷ ብቻ ናት። ሹንጂ ከማኅበሩ ሽልማት ይልቅ የሚፈልገው ከእሷ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል ነበረች፤ ሠርቶ ሲያስቀምጥላት “ይኸው ነው” እንድትለው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጊዜው ሰፊ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ፎቶውን ደብቆ፣ በየወሩ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት ሳለ ነገሩን እንደ ዋዛ እያስመሰለ ይጠይቃታል።

“እትዬ፣ የአባባ ፉርጎ ምድጃው ስትገቢ በየት በኩል ነበር?”

“በቀኝ። አንገትህን አታወዛውዝ።”

“በግራ አይደለም?”

“እኔ ሥሩ ቁጭ ብዬ ድንች የጠበስኩበትን ምድጃ አንተ ልትነግረኝ ነው? ያኔ እኮ ጨርቅ ታስሮልህ ስትድህ ነበር።”

ፎቶው ላይ የምድጃው ጭስ ማውጫ የሚታየው ከበሩ በስተግራ ነው። ሹንጂ ቤቱ ሲገባ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ “ምድጃ፦ በግራ። እትዬ ረስታለች” ብሎ ጻፈ።

“በሩስ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው ወይስ የሚንሸራተት ነው?” አላት በሌላው ወር።

“ኧረ የበሩን ነገር ተወው። አባባ በዚያ በር ጉዳይ ነፍሱ ትወጣ ነበር። ልጆች ተሰብስበን ስንንጠለጠልበት ‘በሩን ዝጉት፣ ፀጉሩ ይበተናል’ ነው ቋንቋው። ለሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መጀመሪያ እሱን ነው የሚለው።”

“እና ይንሸራተታል?”

“ይንሸራተታል፤ ምን ታደርገዋለህ?”

ደብተሩ ላይ “በር፦ ተንሸራታች” የሚል ተጻፈ። ሌላው አልተጻፈም።

ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። መንኮራኩሮቹን ከአንድ የሸንኮራ አገዳ ጋሪ ሳጥን፣ የፍሬን እጀታውን ከሌላ ሳጥን ወሰደ። ለሳንቃው የሚሆን ያረጀ ጥድ ሲያጣ፣ ከእንጨት የተሠራውን የታኬኖን የሩዝ ገንቦ ክዳን ሳትሰማ ይዞ ሄደ፤ እሷ ክዳኑን ፈልጋ ፈልጋ ጎረቤቷን ጠርጥራለች። ሠላሳ አንዱን ሳንቃ ከዚያ ክዳን ሰነጠቀ። ምድጃውን ከናስ አቅልጦ ሠራ። ከምድጃው አጠገብ፣ ፎቶው ላይ በጨለማው ውስጥ አንድ እብጥ ያለ ነገር ይታያል፤ የድንች ከረጢት ይሆናል ብሎ ከረጢት ሠራ። በመጨረሻ ሰው ሰራሽ ጥርስ በሚሠራበት ፕላስቲክ ሦስት ሳንቲም ከሦስት ሚሊ ሜትር የምትረዝም የአባቱን ምስል ቀረጸ። በዚህ ላይ እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ካፖርቱ ደረት ላይ የተደረበበትን መስመር፣ የነጩን ኮሌታ ጠርዝ ሳይቀር ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው አወጣው። ያን ቀን በራሱ በጣም ኮራ።

በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ ካርቶኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቅ ሄደ። ተቆርጦ ሲያበቃ ሊያሳያት ነበር ሐሳቡ። አልቻለም። ግራ ጎኑን ጨርሳ ወደ ቀኙ ልትዞር ስትል “እትዬ፣ መቀሱን አንዴ ያዝ አድርጊው” ብሎ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንዳለ ካርቶኑን ፈታና ፉርጎውን መስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በስንጥር ጫፍ በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተላት።

ታኬኖ እጇን ጠረገች። መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

“የሩዝ ገንቦዬ ክዳን ነው” አለች።

“ነው” አለ።

“ይሄ ከረጢት ምንድን ነው?”

“የድንችሽ ነዋ።”

“ድንቹን በኪሴ ነበር የምይዘው። ከረጢት የሚባል ነገር አልነበረም።” ወደ በሩ አየችና “ሰውየውስ?” አለች።

“እንዴት ሰውየው ትያለሽ? አባባ ነው።”

“አባባ አይደለም። ይሄ ግራኝ ነው።”

ታኬኖ መቀሱን በቀኝ እጇ እንደያዘች ከፍ አድርጋ አሳየችው። “አያያዙን ያስተማረኝ እሱ ነው። አውራ ጣቱ እዚህ ጋ ጎበጥ ትላለች፤ በቀኙ።” እንደገና ጎንበስ አለች፤ ያ የታከመ ዓይኗ ይህን ጊዜ ሌላ ነገር አገኘ፤ ድምፅዋም ወረደ። “ልብሱን ምን አድርገህ ነው ያለበስከው?”

“ፎቶ አለኝ። ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው።”

“የቀኙን በላይ አድርገህ ደርበህለታል፣ ሹን። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ይለብሳል? እናታችንን ስትሞት እንዲህ አድርጌ ያለበስኳት እኔ ነኝ።”

ሹንጂ ያንን ኮሌታ በማጉያ መነጽር ሥር ሦስት ቀን ፍቆታል። በየዓመቱ በበጋው በዓል የራሱን ልብስ ሲደርብ ግራውን በላይ ያደርጋል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ተገልብጦ የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው። እጁ ሲሠራው ዓይኑ አላየውም።

ታኬኖ ልታየው አልፈለገችም። ፉርጎውን በሁለት ጣቷ ያዘችና ፊቱን አዞረችው፤ በሩና ሰውየው ወደ መስታወቱ ዞሩ። ቀና ስትል ዓይኗ መስታወቱ ላይ አረፈ። እንደቆመች ቀረች።

“ይኸው” አለች።

“ምኑ?”

“እዚያ ውስጥ ያለው።” በማበጠሪያዋ መስታወቱን ጠቆመች። “ምድጃው በቀኝ፣ ምላጩ በቀኝ እጅ። ልብሱም ደህና ተደርቧል። ይኸው ነው የአባባ ፉርጎ።”

አራት ዓመት የጠበቃት ቃል ወጣች። የተነገረችው ግን ለመስታወቱ ነበር። ሹንጂ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፉርጎ አየ፤ አጠገቡ ግማሽ ራሱ የተቆረጠ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረለት ሽማግሌ ተቀምጧል። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባው፤ ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የመጣው። ወዲያው ደግሞ ደብተሩ ላይ የጻፋት ዓረፍተ ነገር ትዝ አለችውና አፈረ።

“መጠኑንስ ከየት አገኘኸው?” አለች ታኬኖ። “መጠኑ ልክ ነው።”

“ከአባባ። ቁመቱ ይታወቃል፤ በሱ ለካሁት።”

“አራት ዓመት ሙሉ አባትህን እንደ ማስመሪያ አቁመህ ለክተህበታል፤ ምላጩን በየትኛው እጁ እንደያዘ ግን አላየህም።” አልተቆጣችም፤ እንዲሁ ነው የተናገረችው። “በል ተቀመጥ። ግማሽ ራስ ይዘህ አትወጣም። ሰውየውንም አውጣልኝ፤ እንዲህ ለብሶ እዚህ አያድርም።”

“ፎቶውን ላምጣልሽ?”

“ገልብጠህ ሠርተህ አምጣልኝ እንጂ ፎቶ ምን ያደርግልኛል።”

ሹንጂ ሰውየውን በወረንጦ ነቅሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ታኬኖም ቀኝ ጎኑን ቆርጣ ጨረሰች።

በማግስቱ አቶ ታሩሚን እንደ ፓስታ ያለ ጥቁር ኑድል ያለ ጨው ከተብላላ ቅጠል ጋር ለምሳው ሲበላ አገኘው። ታሩሚ ነገሩን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሳ፤ ፊልሙን አውጥቶ መብራት ላይ ይዞ አገላበጠው።

“ጉዴ ፈላ” አለ። “በጀርባው ነው ያስገባሁት። አንድ ፊደል የለበትም እኮ ይሄ መናጢ ፉርጎ። ቁጥር ቢኖርበት ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር።”

“እኔም ማየት ነበረብኝ።”

“ስማኝ እንግዲህ። ለማኅበሩ ዐውደ ርእይ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እንዳለ አቅርበው። ማን ያውቃል?”

“እትዬ ታውቃለች።”

“እሳቸው የት ይመጣሉ?”

ሹንጂ ሻዩን አሽከረከረው። “ምድጃው በቀኝ ነው ብላኝ ነበር፣ ጋሽ ታሩሚ። ከሦስት ዓመት በፊት ነግራኛለች።”

“እና?”

“ረስታለች ብዬ ጻፍኩ።”

ታሩሚ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ስለ ዐውደ ርእዩም ደግሞ አላነሳም። ዳሩ ግን ሌላ ጣጣ ነበር፤ በመጽሔቱ ላይ የወጣውን ንድፍ አምነው አራት ሰዎች ያንኑ ፉርጎ ሠርተዋል፤ አንደኛው ሽልማት ሁሉ አግኝቶበታል። ሹንጂ ለአራቱም በእጁ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስቱ ጨዋ መልስ መለሱ። ተሸላሚው እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ፉርጎ እንደ ካልሲ አይገለበጥም። ከመንኮራኩሮቹ በቀር ሁሉም ነገር እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ሳንቃው፣ የበሩ ሐዲድ፣ ምድጃው፣ ወንበሩ። ለእንጨቱ እንኳ ታኬኖ የገንቦውን ወገብ ራሷ አውጥታ ሰጠችው፤ ክዳን የሌለው ገንቦ ለምን ይሆነኛል አለች። በዚህኛው ዙር ግን ሹንጂ ማስመሪያ ከማንሳቱ በፊት፣ ታሩሚ አቃንቶ ያወጣለትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ብዙ ቀን ዝም ብሎ አየው። መጀመሪያ ያየው ሰውየውን ነው። ጠባብ ትከሻ አለው። አውራ ጣቱ እውነትም ጎበጥ ትላለች። አፉ በትንሹ ተከፍቷል፤ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር እየተናገረ ነው። ሹንጂ አርባ ሁለት ዓመት አፍ ሲሠራ ኖሮ ይህን አፍ አላየውም ነበር። እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለቀሰ፤ ሚስቱ ገብታ ዓይኑን ሙጫ የነካው መስሏት ውኃ አመጣችለት።

ሰባት ወይም ስምንት ቀን ካየ በኋላ ከምድጃው ሥር ያለው ከረጢት እግር እንዳለው ተገለጠለት። ሁለት ባዶ እግር፣ ወደ ደረት የታጠፈ ጉልበት፣ በሻሽ የታሰረ ራስ። አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። አቀርቅራ እሳቱን ታያለች።

ሹንጂ ለማንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ካርቶኑን ይዞ ሱቅ ገባ። ይህን ጊዜ አልቸኮለም፤ ፀጉሩን አስቆርጦ ጨረሰ፣ ታኬኖ አንገቱን በብሩሽ ጠረገችለት፣ ጨርቁን አራገፈች። ከዚያ ፉርጎውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ በሩን በስንጥር ከፈተና ራቅ ብሎ ቆመ።

ታኬኖ መነጽሯን አደረገች። የአባቷን እጅ አየች። ልብሱን አየች። ምድጃውን አየች። ከዚያ ከምድጃው ሥር የተቀመጠችው ላይ ደረሰችና እዚያው ቆየች። በእጇ የያዘችው ብሩሽ ዝቅ አለ።

ሹንጂ እንዳይጠይቅ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ግን አልቻለም። “ይኸው ነው ወይ፣ እትዬ?”

ወደ ፉርጎው ጎንበስ እንዳለች የአመልካች ጣቷን ጥፍር በበሩ ጠርዝ ላይ አደረገች፤ ለስለስ አድርጋ ገፋችውና አባቷንና ልጅቷን ውስጥ አድርጋ ዘጋችው።

“ፀጉሩ ይበተናል” አለች፤ መጥረጊያዋንም አንስታ የወንድሟን ሽበት ከወለሉ ላይ መጥረግ ጀመረች።